ከአስፋልት እስከ ብሎክ፦ አዲስ አበባ ዳር ላይ ዶፍ ለያዘው እንግዳ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ዓመታት አልፈዋል። ክረምት በመጣ ቁጥር ከአገር ቤት እንግዳ አላጣም። አንዱ ለሕክምና ይመጣል፣ አንዷ ለፓስፖርት፣ ሌላው ደግሞ «እንዲሁ ዓይናችሁን ልይ ብዬ» ይላል። ሁሉም መናኸሪያ ድረስ በሰላም ይደርሳሉ። መሀል ከተማውንም በሰላም ያቋርጣሉ። ጉዱ ያለው ከታክሲ ወርደው ቤቴ እስኪደርሱ ባለችው አንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው። በሬን የሚያንኳኩት በስብሰው፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ለብሰው፣ ስልካቸው ጠፍቶባቸው ነው።

አልፈርድባቸውም። እኔም መጀመሪያ የመጣሁ ቀን ከዚህ የባሰ ነበርኩ። ሐምሌ ነበር፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ። ዝናቡ ሲጀምር «ቅርብ ነው» ብዬ ሮጥኩ። ሃምሳ ሜትር ሳልሄድ ቀኝ እግሬ ጭቃው ውስጥ ሰመጠ። ስስበው እግሬ ወጣ፣ ጫማው ቀረ። በካልሲ ቆሜ ጭቃውን በእጄ ስምስ፣ አንድ የግንባታ ጥበቃ አካፋ ይዘው መጡ። ጫማዬን አውጥተው፣ አራግፈው ሰጡኝና «ልጄ፣ እዚህ ሰፈር ዝናብ ሲመጣ ይቆማል እንጂ አይሮጥም» አሉኝ።

ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሳቸው ምክር ነው። እኔ ዝርዝሩን ብቻ ጨመርኩበት። የምጽፈው ቱሉ ዲምቱን እያሰብኩ ቢሆንም ለኮየ ፈጬ፣ ለቂሊንጦ፣ ለቦሌ አራብሳ፣ ለየካ አባዶ፣ ለጀሞም ቢሆን ብዙም አይለይም።

ከአገር ቤት ከመነሳታችሁ በፊት

ዋናው ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ይብሳሉ። በበልግም ድንገተኛ ዝናብ አለ፤ አንዳንዴ በረዶ የቀላቀለ። «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት» የሚለውን ይዛችሁ ያለ ጃኬት የምትመጡ አላችሁ። ቡሄ ነሐሴ 13 ነው። ከዚያ በኋላ ስንቴ እንደበሰበስኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

የመድረሻ ሰዓታችሁን አስቡበት። የዚህ ከተማ ዝናብ ከሰዓትን ይወዳል። ጠዋት ፀሐይ መሬቱን ታሞቃለች። እርጥቡ አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ እዚያ ይቀዘቅዛል፣ ደመና ይሆናል። ከዚያ ከ8 ሰዓት ጀምሮ ያወርደዋል። ሁልጊዜ እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ የሚያድርበትም ጊዜ አለ። ግን ምርጫ ካላችሁ ከቀኑ 7 ሰዓት በፊት ቤት ግቡ። ከደብረ ብርሃን ወይም ከአዳማ የሚመጣ ሰው በማለዳ ከተነሳ ይደርሳል። ከሩቅ የሚመጣና ማታ የሚገባ ግን ከታክሲ መውረጃው ላይ የሚጠብቀው ሰው ያዘጋጅ። እዚህ ላይ ይሉኝታ አያስፈልግም። «አታስቸግሩ፣ ራሴ እመጣለሁ» ያለኝ እንግዳ ሁሉ በመጨረሻ እኩለ ሌሊት ላይ ፍለጋ አስወጥቶኛል።

ቀጥሎ አድራሻ። «ቱሉ ዲምቱ ነኝ» ማለት አድራሻ አይደለም። ከአስተናጋጃችሁ አራት ነገር ተቀበሉ፦ የሳይቱን ስም፣ የብሎኩንና የቤቱን ቁጥር፣ ታክሲው ላይ «ወራጅ አለ» የምትሉበትን ቦታ ስም፣ ከወረዳችሁ በኋላ ዓይናችሁ የሚይዘውን ምልክት። ምልክቱ «ኖክ ጋ» ከሆነ የትኛው ኖክ ብላችሁ ጠይቁ። ኖክ ማደያ በየመንገዱ ነው። ምልክቱ «አረንጓዴ ኮንቴይነር» ከሆነ ደግሞ ኮንቴይነሩ ዛሬም እዚያው መኖሩን አረጋግጡ። አንዲት የአክስቴ ልጅ የተነሳ ኮንቴይነር ስትፈልግ ሁለት ሰዓት ዞራለች፣ በዝናብ።

ይህን ሁሉ ወረቀት ላይ ጻፉት። የአስተናጋጁን ስልክ ቁጥርም ጭምር። ስልክ ይርሳል፣ ባትሪ ይዘጋል፣ ዶፍ ሲወርድ ኔትወርክም ይቆራረጣል። ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልላችሁ ደረት ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱት። ጥቂት ዝርዝር ብርም አብሮ ይኑር። ቴሌብር አለኝ ብላችሁ አትመኑ፤ ኔትወርክ ከሌለ ባዶ እጅ ናችሁ።

ልብስን በተመለከተ፣ ጃንጥላ ጥሩ ነው ግን ብቻውን አይበቃም። እዚህ ሜዳው ገላጣ ነው፣ ንፋስ የሚያግድ ነገር የለም። ውሽንፍር ሲመጣ ጃንጥላው ተገልብጦ ኩባያ ይሆናል። ውሃ የማያስገባ ኮፍያ ያለው ጃኬት ይሻላል። እሱ ከሌለ ማዳበሪያ አለ። አትሳቁ። የማዳበሪያውን አንዱን የታች ጥግ ወደ ውስጥ ገፍታችሁ ከሌላው ጥግ ጋር ስታገናኙት ኮፍያ ይሆናል፣ ቀሪው ጀርባችሁን ይሸፍናል። የቀን ሠራተኞቹ ክረምቱን የሚያሳልፉት በሱ ነው። የላስቲክ ሽፋን ያለበት ከሆነ ከብዙ ጃንጥላ ይበልጣል።

ጫማችሁ የሚታሰር ይሁን። ነጠላ ጫማ፣ ሲሊፐር፣ ሂል የሚባል ነገር ይቅር። አንድ ጥንድ ደረቅ ካልሲና አንድ ሹራብ በላስቲክ አሽጋችሁ ቦርሳ ውስጥ አስቀምጡ። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ዝናብ ሲመጣ ብርዱ አብሮ ይመጣል። ከቆላ የምትመጡ ይህን አቅልላችሁ አትዩት።

ሰማዩን ማንበብ

ጠዋት የምታቃጥል ፀሐይ ካያችሁ «ይህች የዝናብ ፀሐይ ናት» በሉ። ከሰዓት ላይ ድንገት ቀዝቃዛ ንፋስ ከመጣና አቧራና ላስቲክ ማንሳት ከጀመረ ዶፉ ቀርቧል።

እኔ ግን ከሰማዩም ከስልክ ትንበያውም በላይ የማምነው የጉልት ሴቶችን ነው። ሽንኩርትና ቲማቲም ዘርግተው የተቀመጡት ሴቶች መጀመሪያ ቀና ብለው ያያሉ። ከዚያ ምንም ሳይነጋገሩ ሸራቸውን ከአራት ጥግ ሰብስበው ይጠቀልላሉ። ያን ጊዜ አምስት ደቂቃ አላችሁ፤ ቢበዛ አስር። ያቺን ጊዜ ለመሮጥ ሳይሆን ጣራ ለመምረጥ ተጠቀሙባት።

ታክሲ ውስጥ ሳላችሁ ከዘነበ

መውረጃችሁ ሲደርስ ዶፍ ከሆነ ወዲያው «ወራጅ አለ» አትበሉ። መጀመሪያ በመስኮት ተመልከቱ። ውጭ ጣራ አለ? ሱቅ፣ ካፌ፣ ማደያ? ከሌለና ሜዳ ከሆነ እስከ መጨረሻው ሂዱ። መጨረሻው ላይ ብዙ ጊዜ ሱቅና ቡና ቤት አለ። ሲያባራ በሌላ ታክሲ መመለስ ነው። ለረዳቱ «ወንድሜ፣ እንግዳ ነኝ፣ ዝናብ ስለሆነ መጠለያ ያለበት ጣለኝ» በሉት። ረዳቶች አፋቸው ኃይለኛ ነው እንጂ ልባቸው ክፉ አይደለም።

ገና ታክሲ ካልያዛችሁ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ዝናብ ሲጀምር ሰልፉ ይረዝማል፣ ታክሲው ይጠፋል፣ የመጣው ደግሞ «ኮንትራት ነው» ይላል። ኮንትራት ከሆነ ዋጋውን ሳትገቡ ተስማሙ፤ እስከ የት እንደሆነም ጭምር። «እስከ ብሎክ» እና «እስከ አስፋልት» ሁለት የተለያየ ዋጋ ነው። ብዙ ሹፌር ጭቃ ያለበት ውስጥ ለውስጥ መንገድ አይገባም። በመተግበሪያ ከምትጠሯቸው ታክሲዎች መካከል ራይድ በ8294 ተደውሎም ይጠራል። አዲስ ሳይቶች ላይ ካርታው ይሳሳታል፣ ስለዚህ ሹፌሩን ከአስተናጋጃችሁ ጋር በስልክ አገናኙት።

ባጃጅ ከአስፋልት ወደ ውስጥ ለመግባት ጥሩ ነው። ስትገቡ መሀል ያዙ። ዳር የተቀመጠ ሰው ግማሽ ጎኑ ውጭ ነው፤ ሸራውን በእጁ ይዞ እጁም ይበሰብሳል።

ባቡሩን አትርሱት። ቀላል ባቡሩ በ2008 ዓ.ም መስከረም ሥራ ሲጀምር አንዱ መስመር እስከ ቃሊቲ፣ ሌላው እስከ አያት ነበር የተዘረጋው። አስፋልቱ በውሃና በመኪና ሲጨናነቅ እሱ በራሱ ሐዲድ ይሄዳል። ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ግን ይቆማል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ፣ ለቱሉ ዲምቱ እንግዶች ብቻ። ወደ አዳማ የሚወስደው ፈጣን መንገድ የሚጀምረው እዚሁ ነው። አጥር አለው፣ ለእግረኛ አይፈቀድም። በዝናብ ውስጥ «አቋራጭ ነው» ብላችሁ እንዳትሞክሩት። መኪናው በፍጥነት ይመጣል፣ ሹፌሩም በውሽንፍር ውስጥ አያያችሁም።

የት ትቆማላችሁ?

ዶፉ ሲወርድ እግረ መንገድ ላይ ከሆናችሁ የመጀመሪያውን ደህና ጣራ ያዙ። ደህና ያልኩት ሆን ብዬ ነው።

ከሁሉ የሚሻለው የኮንዶሚኒየም ደረጃ ሥር ነው። ብሎኮቹ ደረጃቸው ለሁሉም ክፍት ነው፣ ግንብ ነው፣ ሰውም አለበት። ምድር ላይ ያሉት ሱቆች በረንዳም ጥሩ ነው። ነዳጅ ማደያ ሰፊ ጣራ አለው። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ካለ ገብቶ መጠለል ነውር የለውም፤ ጥበቃውን ሰላም ብላችሁ ግቡ። የጀበና ቡና ቤት ካገኛችሁ ደግሞ ታድላችኋል። ሸራ ተወጥሯል፣ ከሰሉ ነዷል፣ አግዳሚ አለ። አንድ ቡና እዘዙ። ስትጨርሱ ካላባራ ሁለተኛ እዘዙ። ቦታ ይዛችሁ ዝም ብላችሁ ከተቀመጣችሁ ግን ባለቤቷ ምንም ባትላችሁም የሚቀመጥ ደንበኛ ከልክላችኋል።

የግል ቤት በር ላይ ከሆናችሁ «ቤቶች!» በሉ። «እናቴ፣ እንግዳ ነኝ፣ ዝናቡ እስኪያባራ ጥግ ልያዝ» ካላችሁ «ምን ገዶኝ፣ ግባ እንጂ» ትላለች። እኔ በዚህ ሁኔታ አንዴ ሽሮ በልቼ ወጥቻለሁ። በነዚህ ሰፈሮች አፋን ኦሮሞ የሚናገር ብዙ ነው፤ «አካም» ብሎ የሚጀምር እንግዳ ፊት አይነሳም።

አሁን ደግሞ የማይቆምበት። ዛፍ ሥር አትቁሙ፣ በተለይ ለብቻው የቆመ ባሕር ዛፍ ሥር። መብረቅ ረጅሙን ይፈልጋል። አፈሩ ሲርስ ዛፉ ራሱ በንፋስ ይወድቃል። የድንጋይ አጥር ወይም የድጋፍ ግንብ ሥር አትጠለሉ፤ ከኋላው ያለው አፈር ውሃ ጠጥቶ ሲከብድ ይገፋዋል፣ ሲናድም አያስጠነቅቅም። ለመሠረት የተቆፈረ ጉድጓድ አጠገብም እንደዚሁ። ድልድይ ሥር ፈጽሞ አትግቡ። የወደቀ የመብራት ሽቦ ካያችሁ «ሞቷል» ብላችሁ አትገምቱ። ሽቦው ውሃ ውስጥ ከሆነ ውሃውንም አትርገጡ። ራቁ፣ ሰው አስጠንቅቁ፣ 905 ደውሉ።

ለመብረቅ አንድ ቀላል ሂሳብ አለ። ብልጭ ሲል መቁጠር ጀምሩ። ድምፅ በሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ሠላሳ ሳትደርሱ ካጉረመረመ ከአስር ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ነው፣ ስለዚህ ሜዳ ላይ አትገኙ። የመጨረሻውን ነጎድጓድ ከሰማችሁ በኋላም ግማሽ ሰዓት ታገሱ።

ስንት ትቆማላችሁ? ኃይለኛው ዶፍ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆይም። ካፊያው ግን ሊቀጥል ይችላል። እስኪያባራ ሳይሆን ዶፉ ወደ ካፊያ እስኪለወጥ ጠብቁ። ከዚያም ተጨማሪ ሩብ ሰዓት፣ ጎርፉ እስኪቀንስ። እንግዳ የሚሳሳተው እዚህች ሩብ ሰዓት ላይ ነው። ዝናቡ ሲቆም መንገዱም ያለቀለት ይመስለዋል።

ጎርፍ

አዲስ አበባ ከሰሜን ወደ ደቡብ ያዘመመ ከተማ ነው። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። አቃቂ ጋ ስትደርሱ ወደ 2,100 ሜትር ይወርዳል። ትልቁ አቃቂም ትንሹ አቃቂም፣ ቀበናም፣ ሌሎቹ ወንዞችም ውሃቸው በመጨረሻ ወደ ደቡብ ወርዶ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባል። ይህ ማለት ምን ማለት ነው? እናንተ ቃሊቲ ወይም አቃቂ ቆማችሁ አንድ ጠብታ ሳይወርድባችሁ እንጦጦ ላይ የጣለው ዝናብ ወንዙን ሞልቶ ሊመጣባችሁ ይችላል። ፀሐይ እያለ ወንዝ ይሞላል። የወንዙ ቀለም ድንገት ደፍርሶ ጭራሮና ቆሻሻ ማምጣት ከጀመረ ከዳር ራቁ፤ ፎቶ ይቅርባችሁ።

ወደ ዳር ዳር ያሉት ሰፈሮች ሌላም ችግር አለባቸው። ቤቱና አስፋልቱ ቀድሞ ይሠራል፣ የውሃ መውረጃው ኋላ ይመጣል። ትናንት እርሻ የነበረው መሬት ውሃውን ይመጠው ነበር። ዛሬ ጣራና ሲሚንቶ ነው። ውሃው መሄጃ ሲያጣ መንገዱን ወንዝ ያደርገዋል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም የጣለው ዝናብ ባስከተለው ጎርፍ በዚህ ከተማ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። «ከተማ ውስጥ ጎርፍ ምን ያደርጋል» የሚል ካለ ይህን ይያዝ።

ስለዚህ የሚሄድ ውሃ ፊት ስትደርሱ ደንቡ ይህ ነው። የሚሮጥ ውሃ ቁርጭምጭሚት ካለፈ አትሻገሩ። 15 ሳንቲ ሜትር የሚሮጥ ውሃ ትልቅ ሰው ይጥላል። 30 ሳንቲ ሜትር ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል። 60 ከደረሰ ትልቁንም ይወስዳል። ታክሲው «እንሻገር» ካለ «እኛ እንውረድ» ማለት መብታችሁ ነው። ሹፌር መኪናውን ያውቃል እንጂ ከውሃው በታች አስፋልቱ መኖሩን አያውቅም።

ከጎርፉም በላይ እኔን የሚያስፈራኝ ዲች ነው። ክዳኑ የተነሳ የውሃ መውረጃ ማለቴ ነው። በደረቅ ቀን ዘላችሁት ታልፋላችሁ። ውሃ ሲሞላው ከመንገዱ ጋር እኩል ይሆናል፣ ቡናማ ምንጣፍ ይመስላል። አንድ የአጎቴ ልጅ፣ ጎበዝ ገበሬ፣ ስንት ወንዝ የተሻገረ ሰው፣ እዚህ ዲች ውስጥ እስከ ወገቡ ገባ። ቦርሳውን ከፍ አድርጎ ይዞ «የከተማ ወንዝ ዳር የለውም እንዴ!» እያለ ነበር ያገኘሁት።

ዲች እንዳይበላችሁ እንዲህ አድርጉ። ዱላ፣ የተዘጋ ጃንጥላ፣ ምንም ቢሆን ረጅም ነገር ያዙና ከፊታችሁ እየወጋችሁ ሂዱ። የመንገዱን መሀል ተከተሉ፣ ዳሩን አይደለም። ውሃው የሚሽከረከርበትን ወይም የሚንፎለፎልበትን ቦታ ሽሹ፤ ከሥሩ ጉድጓድ አለ። አንድ የሰፈር ሰው ሲሻገር ካያችሁ በረገጠበት ርገጡ። አንዳንዴ ልጆች ድንጋይ ደርድረው ያሻግራሉ። በዝናብ ቆመው ነውና ትንሽ ብር ስጧቸው።

ሰው በጎርፍ ከተወሰደ ተከትላችሁ አትግቡ። ገመድ፣ ነጠላ፣ ረጅም እንጨት ወርውሩለት፤ ጩኹ፤ 939 ደውሉ፣ እሳትና አደጋ ናቸው። ለተጎዳ ሰው የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ለፖሊስ 991።

ጭቃ

ዶፉ አለፈ፣ ጎርፉ ቀለለ። አሁን ከጭቃው ጋር ብቻችሁን ናችሁ።

ቱሉ ዲምቱ በአፋን ኦሮሞ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። እግራችሁን የሚይዛችሁ ግን ጥቁር ነው። መረሬ ይባላል። ለጤፍና ለሽምብራ የሚወደድ አፈር ነው፤ ለእግረኛ ግን መዓት ነው። ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል። ሲርስ ያብጣል፣ ይለጠፋል። ቤት ሠሪዎች እንኳ ጠርገው አውጥተው ገረጋንቲ ካልሞሉ መሠረት አይጥሉበትም። ጫማችሁ ሥር ሲለጠፍ በመጀመሪያው እርምጃ ቀጭን ነው። በአስረኛው እርምጃ ጫማችሁ ሁለት ቁጥር አድጎ፣ ሁለት ኪሎ ከብዶ ታገኙታላችሁ።

በመረሬ ላይ አረማመድ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። አጭር አጭር ርገጡ። መላ እግራችሁን አንዴ አሳርፉ፣ በተረከዝ አትጀምሩ፤ ተረከዝ ይንሸራተታል። ስታነሱ ደግሞ መጀመሪያ ተረከዙን አላቅቁ፣ ትንሽ አየር ይግባ፣ ከዚያ ጣታችሁን አውጡ። ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ ከሳባችሁ የኔ ዕጣ ይደርሳችኋል። የጫማ ማሰሪያችሁን ከመግባታችሁ በፊት አጥብቁ። ሳር ያለበትን ዳር ምረጡ፤ ሥሩ ጭቃውን ይይዘዋል። ቀይ ገረጋንቲ የፈሰሰበት መንገድ ካለ ዞሮ መሄድ ቢሆንም እሱን ያዙ። ከባድ መኪና የሄደበትን ቦይ አትግቡ። በየሃያ ሠላሳ እርምጃው ቁሙና የለጠፋችሁትን በድንጋይ ጠርዝ ፋቁት።

ስልክ እያያችሁ አትራመዱ። ይህን መጻፍ ባያስፈልገኝ ደስ ባለኝ።

ኮብልስቶን ላይ ስትደርሱ ተገላገልን አትበሉ። ድንጋዩ ሲርስ፣ የጫማችሁ ሥርም ጭቃ ሲሆን፣ በተለይ ቁልቁለት ላይ እንደ ሳሙና ያዳልጣል። እዚያ በጎን በጎን ውረዱ፤ እጃችሁን ከኪስ አውጡ።

ብሎኩን ማግኘት

ደርሳችኋል ማለት ይቻላል። አሁን አንድ ዓይነት ቀለም የተቀቡ፣ አንድ ዓይነት መስኮት ያላቸው ሕንፃዎች ፊታችሁ ተደርድረዋል። የብሎክ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ በሕንፃው ጎን፣ ከፍ ብሎ ተጽፏል። በጨለማና በዝናብ አይታይም። ቁጥሮቹም በቅደም ተከተል ይመጣሉ ብላችሁ አትጠብቁ። 112ን አግኝታችሁ 113 ቀጥሎ ነው ብላችሁ ከሄዳችሁ መንገዱ ማዶ ልታገኙት ትችላላችሁ።

ስለዚህ ቁጥር ከመቁጠር ጥበቃ ጠይቁ። «አባባ፣ ብሎክ 113 የቱ ጋ ነው?» በሉ። ጥበቃ ከሌለ ባለሱቅ። ባለሱቅ ካወቀ እስከ ቤት ቁጥሩ ያውቃል፤ እንቁላልና ዳቦ በዱቤ ሰጥቶ መዝግቧላ። መብራት ጠፍቶ ከሆነ ደረጃውን ከመውጣታችሁ በፊት ቁሙና ዓይናችሁ ይልመድ። ደረጃው በሰው ጭቃ ርሷል፣ መደገፊያውን ያዙ። አራተኛ ፎቅ ከሆነ አትቸኩሉ። ከፍታውን ያልለመደ ሰው ሁለተኛው ላይ ያለከልካል።

ከመሸ፣ አስተናጋጁም ስልክ ካላነሳ፣ ዝናቡም ካላቆመ በጨለማ አትንከራተቱ። ወደ አስፋልት ተመለሱና ፔንሲዮን ያዙ። መታወቂያ ይጠይቃሉ፣ ስለዚህ መታወቂያችሁም በላስቲክ ውስጥ ይሁን። ክፍሉን አይታችሁ፣ ዋጋውን ጠይቃችሁ፣ ከዚያ ክፈሉ። ዘመድ ቢቀየም ነገ ይታረቃል።

ቤት ከገባችሁ በኋላ

እርጥቡን ልብስ ወዲያው አውልቁ። ሰላምታውና የአገር ቤቱ ወሬ አሥር ደቂቃ ይጠብቃል። ካልሲና የውስጥ ልብስ መጀመሪያ፣ ፀጉር ቀጥሎ። ጋቢ ተከናንባችሁ ሻይ በዝንጅብል ጠጡ። አክስቴ ብትኖር ዳማከሴ አሽታ ታጠጣችሁ ነበር። እኔ የማውቀው ዝንጅብሉን ነው።

ጎርፍ ውስጥ ከገባችሁ እግራችሁን በሳሙና ታጠቡ። ያ ውሃ የመጸዳጃ ቤት ውሃም ነበረበት። ቁስል ካለ በንጹሕ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡት። ካበጠ ወይም ካመረቀዘ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ስልኩ ከረሰ አጥፉት፣ ሲሙን አውጡ፣ በጨርቅ አድርቃችሁ ነፋሻ ቦታ አቁሙት። ሳይደርቅ ቻርጅ ላይ አትሰኩት። እንግዶቼ ስልካቸውን የሚገድሉት በዝናቡ ሳይሆን ቤት ገብተው «ይሠራ እንደሆን ልየው» ብለው ሲሰኩት ነው።

አንድ ነገር ግን ድምፄን ከፍ አድርጌ ልናገር። ልብስ ለማድረቅ ወይም ለመሞቅ ብላችሁ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል አታንዱ። የአገር ቤት ቤት በጣራውም በግድግዳውም ይተነፍሳል። የኮንዶሚኒየም ክፍል መስኮቱ ከተዘጋ አይተነፍስም። የከሰል ጭስ ጠረኑ ሳይታወቅ ያስተኛል፣ የተኛውም ላይነሳ ይችላል። ከሰሉ በረንዳ ላይ ይሁን። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከተሰማችሁ በሩን ከፍታችሁ ውጡ።

ጫማውን ማታውኑ አትታገሉት። እርጥብ መረሬ ባጠባችሁት ቁጥር ይለቀለቃል፣ የቤቱንም ቱቦ ይደፍናል። ጋዜጣ ወይም ወረቀት ውስጡ ጠቅጥቃችሁ በር ላይ ተዉት። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ይሰነጠቃል። ያን ጊዜ ሁለቱን ጫማ ሥርና ሥር ስታጋጩት እንደ ቅርፊት ይረግፋል። ግን በረንዳ ላይ አይሁን፤ ከታች ያለችው ጎረቤቴ ጠዋት ልብስ ታሰጣለች።